ያልታየው መሠረት

«‹አልቋል› አላልከኝም? እዚሁ በር ላይ ቆመህ፣ ጀሶ የነካካው እጅህን መቃኑ ላይ አስደግፈህ፣ ‹አልቋል፣ ቀጥይ› አላልከኝም?»

«ብያለሁ! መቼ ካድኩ? እኔ ግን እግር ሠሪ ነኝ፤ የኮምፒውተሩ ባለቤት አንቺ ነሽ። ዘበኛ ‹ድኗል› ስላለ ሐኪም ፋሻ ይፈታል?»

«አንተ ዘበኛ አይደለህማ። ወንድሜ ነህ።»

«ወንድምነቴ ትዝ የሚልሽ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው ልበል?»

ታናሽየዋ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ተጽፋ በቀረች አንዲት መስመር ላይ ተተክሏል። መስመሯ አጭር ናት፤ ቁጣም ሐዘኔታም የለባትም። ይህ ዲስክ የሚቆምበት ፋይል አልተገኘም፣ ነው የምትለው። ከጠዋት ጀምሮ ማሽኑን ስታጠፋው፣ ስታስነሣው፣ ኬብሉን ስትነቅለው፣ መልሳ ስትሰካው ቆይታ ነበር። መስመሯ ግን አንድ ቃል እንኳ ሳትለውጥ እየተመለሰች ፊቷ ትደቀናለች። ክፍሉ አዲስ ቀለም ይሸታል።

ወንድምና እህት የሚሠሩበት ቤት ለጎደለ አካል ምትክ የሚበጅበት ነው። ታላቅየው የወርክሾፑ ኃላፊ ነው። ከፕላስቲክና ከሲሊኮን እግር ያወጣል፣ እጅ ያወጣል፤ ሰው እየጎተተ ያመጣውን እግር እየረገጠ እንዲሄድበት ያደርጋል። ታናሽየዋ ኮምፒውተሮቹን ትጠብቃለች። ዛሬ የሚጨቃጨቁባት ጠባብ ክፍል ድሮ የጀሶ ቅርጾች መደርደሪያ ነበረች። የእያንዳንዱ ሰው ጉልበት፣ ባትና ክንድ በነጭ ጀሶ ተቀርጾ፣ ከነስሙ ከወለል እስከ ጣሪያ ይደረደርባት ነበር። የአካልን ቅርጽ በብርሃን የሚያነሣው ስካነር ሲመጣ ሥራ አስኪያጇ «ለአቧራ ቤት አናከራይም» አሉና ጀሶው በጋሪ እየተጫነ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሰዎቹ ቅርጽ ሁሉ በፋይል ነው የሚኖረው።

«እሺ፣ እንደ ሰው አስረጂኝ» አለ ወንድሟ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠበት። «ምንድን ነው የጠፋው?»

«ካልሲ ታውቃለህ አይደል? ጀሶው ላይ የምታጠልቀውን?»

«እንዴት አላውቀው! እንጀራዬ ነው።»

«አንድ ትልቅ ዲስክ ነበረን፤ ሁሉም ነገር ያለበት። እሱ ጀሶው ነው በል። አዲሱን ኮምፒውተር ስሠራ ያን ሁሉ እንደገና አልገለብጥም። እላዩ ላይ ስስ ዲስክ አለብሰዋለሁ፣ ልክ እንደ ካልሲ። ካልሲው የሚይዘው ከዛሬ በኋላ የሚለወጠውን ብቻ ነው፤ የቀረውን ከሥሩ ካለው እያየ ያሳየናል። ትልቁን መሠረት ነው የምንለው።»

«እና ካልሲው አለ።»

«ካልሲው አለ።»

«እግሩ የለም።»

«እግሩ የለም፣ ጋሼ።»

ወንድሟ የሁለት እጆቹን ጣቶች አቆላልፎ መሬት መሬት አየ። ሲከፋው ያደርገው የነበረ፣ ከልጅነቱ አብሮት ያደገ ልማድ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለሚያይ፣ ጥፋቱ የአንዱ ብቻ አልነበረም። ቤቱ ቀለም ሊቀባ ወርክሾፑ በተዘጋበት ዋዜማ፣ ቀለም ቀቢዎቹ መሰላላቸውን ተሸክመው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር። ፋይሉን ሁሉ የያዘው አሮጌው የማከማቻ ሳጥን ተሰክቶ የሚሠራው እነሱ በሚፈልጉት ግድግዳ ሥር ነው። መሠረቱ ከአሮጌው ሳጥን ወደ አዲሱ እየተገለበጠ፣ እሷ ወዲያ ማዶ ያለውን አዲሱን ኮምፒውተር ታዘጋጅ ነበር። ስሱን ዲስክ ለመፍጠር ስታዝዘው መሣሪያው እምቢ አላት፤ ይቆምበታል ያልሽው ፋይል በቦታው የለም አላት። ልክ ነበረ፤ ገና አልደረሰም። መሣሪያው ዲስክ ከመፍጠሩ በፊት ሁልጊዜ መሠረቱን ይከፍታል፣ አለ ወይ ብሎ ያያል፣ ዓይነቱንም ይመረምራል። ከሌለ አይፈጥርም። ታዲያ አንዲት ትእዛዝ አለች፤ ከጎኑ ከተጻፈች «አትመልከት፣ በእኔ ቃል ሂድ» ማለት ነው። እሷ በሥራ ዘመኗ ሁሉ ያቺን ትእዛዝ ጽፋት አታውቅም።

ከልጅነቷ ጠርጣሪ ናት። በር ቆልፋ ከወጣች በኋላ ተመልሳ ትነካዋለች። እናታቸው «ይቺ ልጅ አንድ ቀን እኔንም መታወቂያ ትጠይቀኛለች» ይሉ ነበር። ወንድሟ ይቺን ሰምቶ «መርማሪ» የሚል ስም አወጣላት፤ ስሙም ተጣብቆባት ቀረ። የዚያን ዕለት ቀለም ቀቢዎቹ ሲያጉረመርሙ፣ ወንድሟ ከአሮጌው ሳጥን ፊት ሆኖ «መርማሪ! ሰዎቹ እኮ በቁማቸው ሊደርቁ ነው!» ሲል ሁሉም ሳቁባት። ፊቷ ጋለ። ያቺን ትእዛዝ ጻፈች። መሣሪያው ያለ አንዲት ተቃውሞ «ተፈጥሯል» አላት። ግልበጣው ሲያልቅ አየዋለሁ ብላ ነበር። ከዚያ ግን ወንድሟ በር ላይ መጥቶ «አልቋል፣ ቀጥይ» አለ። እሷም ለአንድ ጊዜ እንኳ ሰው ልመን አለችና ተነሥታ ሳታይ ቀረች።

ወንድሟ አልዋሸም። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው መስመር ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ አይቷል። የሞላው ግን የመጀመሪያው ማህደር ነበር፤ መሠረቱ ከኋላ ተራውን እየጠበቀ ነበር። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ። ቀለም ቀቢዎቹም የአሮጌውን ሳጥን ሶኬት ነቀሉ።

«አሮጌው ሳጥን የት አለ?» አለችው አሁን። ከጠዋት ጀምሮ መጠየቅ የፈራችውን ነው የጠየቀችው። «መጠባበቂያ ቅጂውም እዚያው ውስጥ ነው የነበረው።»

ወንድሟ ቀና አላለም። «ለበሩ ካሜራ ፈልጎት ሲለምነኝ የከረመ ሰው ነበር። ውስጡን አጥፍቼ ሰጠሁት።»

«ማን?»

«ዘበኛው።»

በሩጫም በእርምጃም መካከል ባለ አካሄድ ግቢውን አቋርጣ ወደ በሩ ሄደች። ዘበኛው ከጥበቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከትንሽ ስክሪን ፊት፣ እንደ አዲስ ሙሽራ ደምቆ ተቀምጧል። ሳጥኑ ከእግሩ ሥር ያንሾካሹካል።

«እንዴት ነች የኔ እህት! ወንድምሽ ሰው ነው፣ ሰው! ይኸው፣ ዝንብ ብታልፍ ይዣታለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቀዳው?»

«ከሰጠኝ ዕለት ጀምሮ። ሌት ተቀን። ሲሞላ ደግሞ እንዳትሰጊ፣ ከድሮው እየሠረዘ በላዩ ይቀዳል። ሁለቴ ሞልቷል።»

ስክሪኑ ላይ የግቢው በር ይታያል። ከበሩ ወዲያ አንድ ውሻ ተኝቷል። ከላይ፣ ከአንድ ማዕዘን፣ የእሷ የራሷ መሃል አናት ይታያል። እጇን ብታነሣ በስክሪኑ ውስጥ ያለችውም ሴትዮ ታነሣለች። አላነሣችም። «ጎበዝ» አለችውና ተመለሰች።

ቅርጻቸው ከጠፋው ሰዎች የብዙዎቹ ነገር አድካሚ ቢሆንም ተስፋ ነበረው። ከተቆረጠ እግር የተረፈው ባለቤቱ ጋ አለ፤ ይመጣል፣ እንደገና ይለካል፤ ከሩቅ የሚመጣውም ያማርራል እንጂ ይመጣል። አንዲት እጅ ግን ነበረች፤ ከእንግዲህ ብትመጣም የማትለካ።

የእጇ ባለቤት አንዲት የልብስ ስፌት መምህር ናቸው። ቀኝ እጃቸው ላይ ዕጢ ወጥቶ ሐኪሞች ይቆረጥ ብለው ሲወስኑ፣ እሳቸው ከቀዶ ጥገናው በፊት በገዛ እግራቸው ወደዚህ ቤት መጡ። እጃቸው ገና በቦታው ነበር። ስካነሩ ሥር ዘርግተው፣ ለታናሽየዋ፣ «ይቺን አኑሩልኝ» አሏት። «እንደ ሬሳ አላለቅስላትም አንቺ ልጅ። ትመለሳለች። አደራ።» መሃል ጣታቸው ከመገጣጠሚያው ላይ ወፍሮ፣ ወደ ጠቋሚ ጣት ያዘነብላል፤ ዕድሜውን ሙሉ መርፌ የገፋ ጣት ነው። ስካነሩ እያንዳንዷን መሥመር ይዟት ነበር። የእጃቸው ቅርጽ ከዚያ ፋይል በቀር በምድር ላይ የትም አልነበረም።

«ግራዋ አለ አይደል?» አለ ወንድሟ፣ ማምሻውን ወርክሾፑ ባዶ ሲሆን። «ግራዋን እንለካና እንገለብጠዋለን። እንደ መስታወት። እጃቸው ተቆርጦ ለሚመጡት ሁሉ የምናደርገው ይሄንን አይደል?»

«ለእነሱ ነግረናቸው ነዋ። ለእሷም እንንገራት።»

«ምን ብለን? እጅሽን ዘበኛው በር ላይ በላው ብለን?»

ሳታስበው ሳቀች። ሳቁ ከጉሮሮዋ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ወጣ፤ በእጇ ጀርባ አፏን አበሰች።

«እታለም፣ ስሚኝ» አለ፤ እታለም የሚላት ሲለማመጣት ብቻ ነው። «እውነቱን ማወቅ ምን ይጨምርላታል? እጅ ትፈልጋለች፣ እጅ ትወስዳለች። የሚያምር እጅ እሠራላታለሁ፤ በሕይወቴ ሠርቼ የማላውቀውን። ሥራ አስኪያጇ ከሰሙ ደግሞ አንቺን ነው የሚጠይቁት። እናታችን ያንቺን መባረር ትስማ?»

«አንተንስ?»

«እኔማ ያው ‹አልቋል› ያልኩት ነኝ።»

ዝም አለች። ለዝምታዋ ብዙ ምክንያት ነበራት፤ የእሷ ስም አለ፣ የእሱ አለ፣ የእናታቸው አለ። ሁሉም ምክንያት ለየብቻው ሲታይ ደህና ነው። ያን ቀን ያቺን ትእዛዝ ስትጽፍም ምክንያት አላጣችም ነበር።

መምህሯ ሲጠሩ በማግስቱ መጡ። ቀኝ እጅጌያቸውን ከክርናቸው ሥር አጥፈው በመርፌ ቁልፍ ይዘውታል፤ አስተጣጠፉ ሱቅ ውስጥ የተሰፋ እስኪመስል ንጹሕ ነው።

«ግራው ደግሞ ለምንድን ነው ልጆቼ? ከሱ ጋር ገና አልተለያየንም።»

«ለማመሳከሪያ ነው እትዬ» አለ ወንድሟ፣ ፈጠን ብሎ። «ቀኙን ከሱ ጋር እያስተያየን እንድንሠራ።»

«ጎበዞች! እኛም ቤት ሕጉ እንዲያ ነው፤ አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ።» ግራ እጃቸውን ስካነሩ ሥር አኖሩና ታናሽየዋን አዩዋት። «አንቺ ምን ሆነሻል? ፊትሽ እንደ ታጠበ ሸማ ነጥቷል። አላገባሽም እንዴ እስካሁን? አንዱ አስከፋሽ?»

«ደህና ነኝ እትዬ።»

«ተማሪዎቼ ደህና ነኝ ሲሉኝ እኔ የማየው ስፌታቸውን ነው። ስፌት አይዋሽም።» ከዚያ ወደ ስካነሩ ብርሃን አዘነበሉ። «ይሄ ግራው ሰነፍ ነው፤ ጨርቅ ከመያዝ በቀር ያየው ሥራ የለም። የቀኟ ታናሽ ወንድም ማለት ነው። ቀኟን ስታወጡልኝ ያንን መሃል ጣት አደራ። ሴት ልጅ ያሳደግኩት በዚያች ጣት ነው።»

ታናሽየዋ ብርሃኑ በሰነፉ እጅ ላይ እየተንሸራተተ ሲሄድ ተመለከተች። ሥራው ሲያልቅ ፋይሉን አኖረች። መኖሩን አየች። ከፍታ አየች። ገልብጣ ሌላ ቦታም አኖረች፤ ያንንም ከፍታ አየች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ቢሆንም ጮኸች።

ወንድሟ እንደ ቃሉ ሠራ። ምሳ አልበላም ባለባቸው ቀናት ከሲሊኮኑ ጋር ሲታገል ትሰማው ነበር። የደም ሥሩን በቀጭን ብሩሽ አወጣው፤ የጥፍሩን ነጭ ጨረቃ ሳይቀር ሠራ። መሃል ጣቱንም በትዝታ ትንሽ አወፈረው። ግን ምን ያህል? ወዴት ነበር ያዘነበለው? እሷን ጠየቃት፤ እሷም ወደ ጠቋሚው ነው አለችው፤ እሱ ደግሞ ወደ ቀለበት ጣት አይደለም ወይ አላት። ሁለቱም ያንን እጅ በዓይናቸው አይተዋል፤ ሁለቱም ፋይሉ አለ ብለው በልባቸው አልያዙትም። በመጨረሻ ቀጥ አድርጎ ተወው።

የልክ ማያው ቀን መምህሯ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው፣ ወንድሟ የሠራውን እጅ ከጨርቅ ውስጥ አውጥቶ አጠለቀላቸው። እጁ በእውነት ያምር ነበር። መምህሯ ከፍ አድርገው በመስኮቱ ብርሃን አገላብጠው አዩት።

«ቆንጆ ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ቆንጆ ነው» አሉ።

ወንድሟ እህቱን በዓይኑ ‹አየሽ?› አላት።

መምህሯ በግራ እጃቸው ከቦርሳቸው አንዲት ትንሽ ነገር አወጡ። መርፌ የሚገፋ ሰው ጣቱ ጫፍ ላይ የሚያጠልቃት የብረት ቆብ ናት፤ ጠርዟ በሥራ ብዛት ሳስቷል፣ አንድ ጎኗ ከጣቱ ቅርጽ ጋር አብሮ ተጣሟል። «እስኪ የቤቷን ቆብ እናድርግላት» ብለው መሃል ጣቱ ላይ አጠለቋት። እጃቸውን ዘቅዘቅ ሲያደርጉ ቆቧ ወደቀች። ጠረጴዛው ላይ ተንቀጨቀጨች፣ ወለሉ ላይ ዘለለች፣ ተንከባልላ ቁም ሣጥኑ ሥር ገባች።



«ሲሊኮን ነው እትዬ» አለ ወንድሟ። «መጀመሪያ ላይ ይሸበሸባል። ሲውል ሲያድር ይለምዳል።»

«ይለምዳል?» አሉ መምህሯ። እጁን ጭናቸው ላይ አኑረው ያዩታል፤ በግራ አውራ ጣታቸው መሃል ጣቱን ከሥር ወደ ላይ ዳሰሱት፣ መገጣጠሚያው ጋ ሲደርሱ ቆሙ፣ መልሰው ዳሰሱት። «ቆቤን ፈልጉልኝ እስቲ።»

ታናሽየዋ ከወንድሟ ቀድማ ተንበረከከች። ጉንጯን ቀዝቃዛው ወለል ላይ ለጥፋ ከቁም ሣጥኑ ሥር አየች። የቀለም ጠብታ፣ የጀሶ ብናኝ፣ አንድ የተረሳ ብሎን አለ። ከዚያ ውስጥ፣ ፊቷ ለማንም ሳይታይ፣ ድምፅዋ ወጣ።

«የቀኝ እጅዎ አይደለም፣ እትዬ። ቀኝ እጅዎ ጠፍቶብናል። ሳላይ ነው ያጠፋሁት። ይሄ ግራዎ ነው፤ ገልብጠነው ነው።»

«እታለም!» አለ ወንድሟ።

«እውነቴን ነው» አለች፣ አሁንም ከሥር። «አደራ ብለውኝ ነበር።»

ከላይ አንድ ለስላሳ ነገር ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ፣ ወንበርም ሲገፋ ተሰማ። ወደ እሷ የመጣው ግን ወንድሟ ነው፤ ከጎኗ ተንበርክኮ በሹክሹክታ ይነድዳል። «ምን ማለትሽ ነው? ስንት ቀን የለፋሁበትን! ተስማምተን አልነበረም?»

«አልተስማማሁም። ዝም ነው ያልኩት።»

«ዝምታ ምን ይባላል ታዲያ ባንቺ ቤት?»

«‹አልቋል› ማለት ባንተ ቤት ምን ይባላል? አይተህ ነበር? መሠረቱ ሲገባ በዓይንህ አይተህ ነበር?»

«መስመሩ ሞልቶ ነበር ብዬሻለሁ! አንቺስ? አምላክሽ እንኳ ‹አለሁ› ቢልሽ በር ከፍተሽ የምታዪ ሴትዮ፣ የዛን ቀን ምን ነካሽ?»

«አንተ ነሃ የነካኸኝ! ‹መርማሪ፣ ሰዎቹ ደረቁ› ብለህ በሰው ፊት... ቁም ሣጥኑን አንሣው፤ እጄ አይደርስም።»

ወንድሟ ትከሻውን ቁም ሣጥኑ ላይ አስደግፎ ገፋ። ቁም ሣጥኑ እያቃሰተ ትንሽ ነቅነቅ አለ። «እጅሽን አስገቢ። ቶሎ። አልችለውም።»

«ያዘው፣ አትልቀቀው።»

«ይዣለሁ አልኩሽ።»

«በእርግጥ ይዘሃል?»

«አሁንም? አሁንም እኮ አልተወሽም!»

ጣቶቿ ብረቷን ነኩ፣ ገፏት፣ እንደገና ደረሱባት። ከግቢው ማዶ በጥበቃ ቤቱ ውስጥ ዘበኛው ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ ከአንድ ሾፌር ጋር ስለ ጎማ ዋጋ ይከራከር ነበር። ከእግሩ ሥር ሳጥኑ ያንሾካሹካል። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሴትዮ፣ ቀኝ እጅጌያቸው ከክርናቸው ሥር በንጽሕና ታጥፎ፣ ቦርሳቸውን በግራ ትከሻቸው አንግተው፣ የተኛውን ውሻ ዞር ብለው አልፈው ከበሩ ወጡ።